የቫኔን ብሎወር ያሳደስኩበት ሱቅ፦ ሥራው፣ ዋጋውና ያናደደኝ ነገር

ከውጤቱ ልጀምር። ብሎወሬን፣ ማለትም የምንጣፍ ማጠቢያ ማሽኑን የመሳቢያ አየር ፓምፕ፣ አሳደስኩ እንጂ አዲስ አልገዛሁም። አልተቆጨሁም። የሱቁ ሰዎች ሥራቸው ንጹህ ነው። ሲያናግሩህ አይሸፋፍኑም። ዋጋቸውም ከአዲስ በጣም ያነሰ ነው። እቃ አስተሻሸግና አላላክ ላይ ግን ገና ብዙ ይቀራቸዋል። የሱቁን ስም ያልጻፍኩት የማጓጓዣ ሂሳቡ ላይ ያለን ክርክር ስላልተዘጋ ነው።

ይህን የምጽፈው እንደኔ ቫን ላይ በተጫነ ማሽን ምንጣፍ ለሚያጥቡ ነው። እዚህ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ብዙ ነን። ታክሲ ወይም ኡበር ስንነዳ ቆይተን ነው አብዛኞቻችን ወደዚህ የዞርነው። ማሽን ስንገዛ ያገለገለ ነው የምንገዛው። ያገለገለ ማሽን ላይ ደግሞ ትልቁ ፍርሃት ብሎወሩ ነው። ፓምፕ ቢበላሽ ይቀየራል። ሆዝ ቢቀደድ ይቀጠላል። ብሎወር ሲሞት ግን ቫኑ እንዳለ ይቆማል፤ ኪስም ይራገፋል።

የኔ ማሽን በኮህለር ቤንዚን ሞተር የሚሠራ ነው። ብሎወሩ ሩትስ የሚባለው ዓይነት፣ ቁጥሩ 45 ነው፤ ሞተሩ በቺንጋ ያዞረዋል። 45 ሲባል የማርሹ ዲያሜትር 4 ኢንች፣ የሳጥኑ ርዝመት 5 ኢንች ማለት ነው። 47 ያላችሁ ሳጥናችሁ 7 ኢንች ነው። ይህን ቁጥርና ታርጋው ላይ ያለውን ሴሪያል ጻፉና ያዙ። የትም ሱቅ ስትደውሉ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።

ችግሩን ቀድማ የነገረችኝ የቫኪዩም (የመሳብ ኃይል) መለኪያዋ ጌጅ ሳትሆን አንዲት እናት ናቸው። አሌክሳንድሪያ የሚኖሩ የቆዩ ደንበኛዬ ናቸው፤ ሳሎናቸው ውስጥ ቡና ሳይፈላ የሚያልፍ ቀን የለም። ምንጣፋቸው ላይ የቡና ነጠብጣብ፣ የፈንዲሻ ፍርፋሪ፣ አንዳንዴም ከእጣን ማጨሻው የወደቀ የፍም ጠባሳ አይጠፋም። (ለፍም ጠባሳ መድኃኒት የለኝም፤ እሱን ቆርጦ መለጠፍ ነው።) ባጠብኩ ማግስት ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ ትናንት ያጠብከው ምንጣፍ ዛሬም ካልሲዬን ያረጥበዋል እኮ። ውሃ አበዛህ እንዴ?»

«ኧረ አላበዛሁም እማማ። ማራገቢያውን ያብሩት፣ ነገ መጥቼ አየዋለሁ።»

ውሃው አልበዛም ነበር። የሚስበው አየር ነው ያነሰው። በደህናው ጊዜ የኔ ማሽን ምንጣፉን በስድስት፣ በሰባት ሰዓት ውስጥ ያደርቀዋል። ያን ሰሞን ግን ጌጇ የድሮዋን 13 ኢንች ሜርኩሪ (ቫኪዩም የሚለካበት ልክ ነው) ትታ 9 ላይ ትንቀጠቀጥ ነበር። ድምፁም ተቀይሯል። ብሎወር ሲጮህ ሁላችንም ለምደነዋል። ይኼኛው ግን ከጩኸቱ ሥር የሚንጫጫ ነገር ነበረው፤ በተለይ ሞተሩን ዝቅ ሳደርገው ይሰማል።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ቫኪዩም ቀነሰ ማለት ብሎወር ሞተ ማለት አይደለም። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ይባል የለ? የቆሻሻ ውሃ ታንኩ ክዳን ጓርኒሲዮን ሲደርቅ አየር ያስገባል። የማፍሰሻው ቫልቭ በደንብ ካልተዘጋ አየር ያስገባል። ሆዝ ከተሰነጠቀ ያስገባል። ቺንጋ ከላላ ደግሞ ሞተሩ እየዞረ ብሎወሩ ይንሸራተታል። ቫኪዩም ሲበዛ የሚከፈተው ማስታገሻ ቫልቭ ስፕሪንጉ ከደከመም ጌጇ አትወጣም። እነዚህን ሁሉ ሳያዩ ብሎወር የቀየሩ ሰዎች አውቃለሁ። አዲሱን ብሎወር ገጥመው ጌጇ ያው 9 ላይ ስትቆም ፊታቸውን ማየት ነበር።

አጣራሩ ከባድ አይደለም። መጀመሪያ ሆዙ የሚገባበትን የታንኩን አፍ ድፈኑ። ጌጇ ካልወጣች ታንኩን ዝለሉትና ከታንኩ ወደ ብሎወሩ የሚሄደውን ሆዝ ፍቱ፤ እሱ ላይ ቲ (ባለሦስት አፍ ማገናኛ) ገጥማችሁ ሌላ ጌጅ አስገቡና ቀስ እያላችሁ ዝጉት። ማስታገሻ ቫልቭ በሌለበት መስመር ላይ ሙሉ በሙሉ መዝጋት አይገባም፤ ብሎወሩን ያግለዋል። እጃችሁንም አታስጠጉ። እዚያ ላይ ጌጇ ከወጣች ጥፋቱ የታንኩ ነው፣ እሰየው በሉ። ካልወጣች ብሎወሩ ጋ ደርሳችኋል።

የኔዋ አልወጣችም። ቺንጋውን አውልቄ ፑሌጃውን (ቺንጋው የሚያዞረውን ጎማ መሳይ ብረት) በእጄ አዞርኩት። ጤነኛ ብሎወር ዝም ብሎ እኩል ይዞራል። የኔ አንድ ቦታ ላይ ያዝ ያደርግና ይለቃል። ዘንጉን ይዤ ወደ ላይና ወደ ታች ስነቀንቀው ጨዋታ አለው። ከዚያ በማርሹ በኩል ያለውን የዘይት ማፍሰሻ ብሎን ፈታሁት። የወጣው ዘይት ማኪያቶ መስሏል። ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ክርክር የለም።

ሱቁን ከመገምገሜ በፊት ብሎወር ውስጡ ምን እንዳለ ላስረዳ፤ «ማሳደስ ያዋጣል ወይ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ እዚያው ነው ያለው። ሎብ የሚባሉ ሁለት የ8 ቁጥር ቅርጽ ያላቸው ተሽከርካሪ ብረቶች አሉ። እየተቃረኑ ይዞራሉ። አየሩን በአንድ በኩል ይዘው በሌላው በኩል ያስወጣሉ። እርስ በርስ ግን አይነካኩም። የሳጥኑን ግድግዳም አይነኩም። ክፍተቱ በኢንች ሺኛ የሚለካ ነው። ያንን ክፍተት የሚጠብቁት በአንድ በኩል ያሉት ሁለት ማርሾችና በሁለቱም ጫፍ ዘንጎቹን የያዙት ኩሽኔታዎች ናቸው። ይህን አሠራር ኢንዲያና ውስጥ ኮነርስቪል የምትባል ከተማ የሱፍ ፋብሪካ የነበራቸው የሩትስ ወንድማማቾች በ1860 ፓተንት አውጥተውበታል። ኩሽኔታውም፣ ዘይት እንዳያልፍ የሚያግደው ሲልም ዘመን አልፎበት ተሻሽሏል፤ ሐሳቡ ግን ያው ነው።

ስለዚህ ጤነኛ ብሎወር ውስጥ ሎቡ አያረጅም። የማይነካካ ነገር ምን ያረጀዋል? የሚያረጀው ኩሽኔታው ነው፤ ሲሉ ነው፤ አንዳንዴ ማርሹ ነው። እነዚህ በገንዘብ የሚገዙ እቃዎች ናቸው። ኩሽኔታው ሲላላ ግን ዘንጉ ይወርዳል፤ ሎቦቹ ይነካካሉ ወይም ግድግዳውን ይፍቃሉ። ያን ጊዜ ክፍተቱ ይሰፋል፤ አየር ወደ ኋላ ያመልጣል። ያ ጉዳት በኩሽኔታ አይመለስም። ቶሎ የላከ ሰው ያሳድሳል፤ «ትንሽ ልሥራበት» ያለ ሰው አዲስ ይገዛል።

ሦስት ቦታ ደወልኩ።

የመጀመሪያው እቃ ሻጭ ነው። ምልክቱን ስነግረው አንድም ጥያቄ አልጠየቀኝም። «አዲስ ያስፈልግሃል» አለኝ። ዋጋው 2,950 ዶላር፤ ቡሽንግ (ፑሌጃውን ዘንጉ ላይ የሚያስይዘው ብረት) እና ፑሌጃ አይጨምርም፤ ማጓጓዣም አይጨምርም። ሥራው መሸጥ ነው፣ አልፈርድበትም። ግን የዘይቱን ቀለም እንኳ አልጠየቀኝም።

ሁለተኛው የታደሰ ሰጥቶ የተበላሸውን የሚቀበል ነው። 1,900 ዶላር፣ ሲደመር 500 ዶላር መያዣ። የተበላሸውን ስትልክለት መያዣውን ይመልሳል፤ የሚመልሰው ግን ሳጥኑ ካልተፋቀ ነው። ይህ መንገድ ለቸኮለ ሰው ጥሩ ነው። የኔ ጭንቀት የሚመጣልኝ ብሎወር የማን እንደነበር አለማወቄ ነው። የራሴን ቢያንስ ታሪኩን አውቃለሁ።

ሦስተኛው ይህ የምገመግመው ሱቅ ነው። ፔንሲልቬንያ ውስጥ ነው። ስልኩን ያነሳው ራሱ ሠራተኛው ነው፤ ከኋላው የፕሬስ (የብረት መጫኛ ማሽን) ድምፅ ይሰማል። ቁጥሩን ጠየቀኝ። ዘይቱ ምን ይመስላል አለኝ። በእጅ ሲዞር ይይዛል ወይስ ይፋቃል አለኝ። ቫኪዩሙ ስንት ላይ እንደወረደ ጠየቀኝ። ከዚያ እንዲህ አለ፦ «ሳልከፍተው ዋጋ ልነግርህ አልችልም። ሎቡና ሳጥኑ ደህና ከሆኑ 1,400 ነው። ካልሆኑ ደውዬ ‘አታሳድሰው’ እልሃለሁ፤ የመክፈቻ 120 ትከፍለኛለህ።» አንጀቴን አራሰው። ልካለሁ አልኩት።

ማውለቁን ባጭሩ ላንሳ፤ አንድ ነገር ብቻ መታወቅ አለበት። ፑሌጃውን በመዶሻ አታውጡት። ቡሽንጉ ላይ ጥርስ ያላቸው ባዶ ቀዳዳዎች አሉ። የያዙትን ብሎኖች ፈታችሁ እነዚያ ቀዳዳዎች ውስጥ ታስገቧቸዋላችሁ፤ ተራ በተራ ስታጠብቋቸው ቡሽንጉ ራሱ ይላቀቃል። ዘንጉን በመዶሻ መምታት ኩሽኔታውን መምታት ነው። ብሎወሩ ከመቶ ፓውንድ በላይ ነው፤ ለብቻ አይወርድም። እኔ የወንድሜን ልጅ ጠራሁ። አየር መግቢያና መውጫውን በላስቲክ ሳይሆን በቆርቆሮ ወይም በእንጨት ድፈኑት። ዘይቱን አፍስሱ። ፓሌት (የእንጨት መደብ) ላይ በብሎን እሰሩት እንጂ በገመድ ብቻ አትመኑ።

እስኪመለስ ትናንሽ ሥራዎችን በተዋስኩት ፖርታብል (ቫን ላይ የማይጫን ትንሽ) ማሽን ሠራሁ። ፖርታብል ከእጅ አይሻል ዶማ ነው፤ ግን ደንበኛ አይሄድም። ትልቁን የአፓርትመንት ሥራ ለጓደኛዬ አሳለፍኩለት።

አሁን ስለ ሥራቸው።

ብሎወሩ በደረሰ ማግስት ፎቶ ላኩልኝ። ብዙ ሱቅ «ከፍተነዋል፣ እንዲህ ሆኗል» ይላል እንጂ አያሳይህም። እነዚህ እያንዳንዱን እቃ ጠረጴዛ ላይ ደርድረው፣ ከጎኑ ማስመሪያ አድርገው አንስተውታል። በቺንጋው በኩል ያለው ኩሽኔታ ኳስ መያዣው ተሰብሯል። ግራሶው ደርቆ ጥቁር ድንጋይ ሆኗል። በማርሹ በኩል ያለው ሲል ከንፈሩ ተበልቷል፤ ውሃው ወደ ዘይቱ የገባው በዚያ ነው። ሎቦቹ ላይ ቡናማ ዝገትና የተጋገረ ነገር አለ፤ ሳሙናና የውሻ ፀጉር አብሮ የደረቀበት። አንዱ ሎብ ጫፉ ላይ ትንሽ የሚያብረቀርቅ ቦታ ነበረው። ያ ፎቶ ሲመጣ ሆዴ ተንቦጫቦጨ። የሚያብረቀርቅ ማለት የነካ ማለት ነው።

ደወልኩ። ሰውዬው ተረጋግቶ መለሰልኝ። ሳጥኑን በውስጥ ማይክሮሜትር ለክቶታል፤ ልኩ ውስጥ ነው። ሎቡ የነካው ዝገቱን ነው፣ ብረቱን አላነሳም። ዘንጉ ኩሽኔታ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ግን ትንሽ በልቷል፤ ቶርኖ ላይ ገብቶ መስተካከል አለበት፤ 160 ዶላር ይጨምራል። «ሳላስተካክለው አዲስ ኩሽኔታ ብገጥምበት ይሠራል፤ ግን ዋስትና አልሰጥህም» አለኝ። እንደዚህ ያለ ንግግር ነው ሰው የሚያሳምነኝ። እሺ አልኩ።

አራቱንም ኩሽኔታ፣ ሲሎቹን በሙሉ፣ ኦ-ሪንጎቹን ቀይረዋል። ማርሾቹ ደህና ስለነበሩ አልተቀየሩም፤ ባይቀየሩም ታጥበው እንደገና ተስተካክለዋል። ብሎወር ማሳደስ ውስጥ ጥበቡ ይኼ ማስተካከሉ ነው። ኩሽኔታ መቀየር ፕሬስ ያለው ጋራዥ ሁሉ ይችላል። ሁለቱ ሎቦች መሀላቸው ያለው ክፍተት በየትኛውም ማዕዘን እኩል እንዲሆን ማርሹን ዘንጉ ላይ ማሰር ግን ልምድ ይጠይቃል። በፊለር ጌጅ (ክፍተት በሚለካ ስስ ብረት) የለኩትን ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፈው ላኩልኝ፤ ከፋብሪካው ልክ ጎን ለጎን አስቀምጠው። ያቺን ወረቀት ቫኑ ውስጥ አስቀምጫታለሁ።

አንዳንዱ ሰው «ራሴ አሳድሰዋለሁ» ይላል። የኩሽኔታና የሲል ኪት ይሸጣል፣ ውድ አይደለም። ማርሽ መንቀያና ፕሬስ ካለህ፣ ፊለር ጌጅ መጠቀም ካወቅክ፣ ይቻላል። አዲስ አበባ ጋራዥ ያደገ ልጅ ይህ አይከብደውም። ግን ሲልን ጠማማ ብትመታው ዘይቱ በሳምንቱ ሎቦቹ መሀል ነው። ሰዓትህን ቆጥረህ ወስን።

ወደ ወቀሳው ልግባ።

አንደኛ፣ ጊዜው። ስልክ ላይ ከነገሩኝ ቀን በጣም ዘገዩ። ምክንያቱ ቶርኖው ሌላ ቦታ ስለሚሠራ ነው። 160ውን ሲጨምሩብኝ ይህንንም አብረው ሊነግሩኝ ይገባ ነበር። እኔ ነኝ እየደወልኩ ያወጣጣሁት። ለደንበኞቼ ቀጠሮ ሰጥቼ ስሰርዝ ፊቴ ቀላ።

ሁለተኛ፣ ማሸጊያው። ብሎወሩን እኔ በላክሁበት ፓሌት ላይ መልሰው፣ ከእኔ አራት ብሎን በሁለቱ ብቻ አስረው ላኩት። ሲደርስ ዘመም ብሎ አንዱን የእንጨት ጠርዝ ሰብሮ ነበር። ብሎወሩ አልተጎዳም፤ ዕድል ነው እንጂ ጥንቃቄያቸው አይደለም። እንዲህ ሲደርሳችሁ ሹፌሩ ሳይሄድ ፎቶ አንሱ፣ ወረቀቱ ላይም ከመፈረማችሁ በፊት ጻፉበት።

ሦስተኛውና ያናደደኝ ዘይቱ ነው። ብሎወሩ የመጣው ያለ ዘይት ነው። ይህ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ከፋብሪካም እንዲህ ሆኖ ይላካል። መንገድ ላይ ዘይት ወደ ሎቡ እንዳይገባ ነው። ግን ይህን የምትናገረው ትንሽ ወረቀት ከላስቲኩ ሥር፣ ብሎወሩ በሚቀመጥበት በኩል ተለጥፋ ነበር የመጣችው። እኔ ማፍሰሻውን ሁልጊዜ ከፍቼ ስለማይ ነው የዳንኩት እንጂ፣ የቸኮለ ሰው ገጥሞ ቢያስነሳው በደቂቃዎች ውስጥ 1,560 ዶላሩ ይቀልጣል። አንድ ቀይ ወረቀት ፑሌጃው የሚገባበት ዘንግ ላይ ማሰር ምን ያስቸግራል? ይህን ነግሬያቸዋለሁ። የግራሶ መግቢያዎቹም ላይ ቀለም ቀብተውባቸዋል። በሽቦ ብሩሽ ካላጸዳሃቸው የግራሶ ጠመንጃው አይዝላቸውም።

አራተኛ የማጓጓዣው ሂሳብ። የነገሩኝ 150 ነው። የመጣው 245 ነው። ልዩነቱ መኪናው በሊፍት እቃ ለማውረዱና አድራሻው መኖሪያ ቤት ስለሆነ ነው። አድራሻዬ መኖሪያ ቤት መሆኑን ከመጀመሪያው ያውቃሉ። ግማሹን እንከፍላለን ብለዋል፤ እስካሁን አልገባም። እናንተ ከማጓጓዣ ድርጅቱ መጋዘን ራሳችሁ ሄዳችሁ ብታነሱት ይህ ሁሉ ይቀራል።

ስገጥመው ፑሌጃዎቹን በቀጥ ያለ ብረት አስተካከልኩ፤ ጠማማ ቺንጋ አዲስ ኩሽኔታ ይበላል። ቺንጋዎቹን አዲስ አደረግሁ። በማርሹ በኩል ISO 220 (የዘይቱ ውፍረት ቁጥር ነው) የብሎወር ሲንተቲክ ዘይት፣ ልኩ ላይ እስኪደርስ ብቻ። የሚበዛ ዘይት ደግ መስሏቸው የሚሞሉ አሉ፤ ሲበዛ ማርሹ ይደፍቀዋል፣ ይግላል፣ በሲሉም ይወጣል። በቺንጋው በኩል አዲሱ ግራሶ በማስተንፈሻው እስኪታይ ድረስ። ከዚያ በባዶው አስነስቼ ድምፁን አዳመጥኩት። ያ መንጫጫት የለም። ታንኩን ስደፍነው ጌጇ 13 አልፋ ማስታገሻ ቫልቩ ተከፈተ። ቫልቩን አልነካሁትም፤ እሱን ማጥበቅ የሚወዱ አሉ። ቫኪዩም ጨመርኩ ብለው ብሎወሩን ያቃጥሉታል።

አሌክሳንድሪያ ያሉት እናት ምንጣፋቸውን በነጻ ደግሜ አጠብኩላቸው። ማታውኑ ደወሉና «አሁንማ ሰው ሆነ» አሉኝ። ምንጣፉን ይሁን እኔን አላወቅሁም።

ለማንኛውም ብሎወሩን የገደለው ውሃና አረፋ ነው። ይህን ሱቁም ጽፎልኛል። ማሽኑን የሸጠልኝ ሰው አረፋ ማጥፊያ የሚባል ነገር አያውቅም ነበር፤ ታንኩ ውስጥ ያለው የፀጉር መያዣ ፊልትሮም ተቀዶ ነው የተረከብኩት። ደንበኛ ምንጣፉን ራሱ በሻምፑ ካጠበው አረፋው ታንኩን ሞልቶ ይወጣል። ውሃው ሲሞላ ሞተሩን የሚያጠፋው ፍሎት አረፋ አያነሳውም፤ አረፋው ቀጥ ብሎ ወደ ብሎወሩ ይሄዳል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ቤት ስገባ አረፋ ማጥፊያውን መጀመሪያ በሆዙ አስገባዋለሁ። ማታ ሥራ ስጨርስ ሆዙን ነቅዬ ብሎወሩን በባዶ አየር ጥቂት አስነዳዋለሁ፤ ውስጡ ይደርቃል። ከዚያ በቅባት ማስገቢያው ቀዳዳ ደብሊውዲ-40 የሚባለውን ዝገት መከላከያ ርጭት ለጥቂት ሰከንድ እረጭበታለሁ። በተለይ ቅዳሜ ማታ አይታለፍም፤ እርጥብ ብሎወር እሁድን ሙሉ ቆሞ ይዝጋልና።

ለሥራቸው ከ10 9 እሰጣለሁ። ለዋጋ 8። ለማሸጊያና ለመረጃ 4፤ ያቺ የዘይት ወረቀት ከሥር ባትለጠፍ 6 ይሆን ነበር። የሚሰጡት ዋስትና አንድ ዓመት ነው፤ ውሃ የገባበትን ግን አይሸፍንም። ይህን ደግሞ ከመፈረማችሁ በፊት አንብቡት፤ ፎቶውን ስለሚያነሱ ሲከፍቱት ዝገት ካለ ወዲያው ያውቃሉ።

ሱተርቢልትና ተትሂል የሚባሉ ሌሎች የብሎወር ዓይነቶችንም ያድሳሉ። የተትሂል እቃ ግን ከሩትሱ ይወደዳል ብሎ ነግሮኛል ሰውዬው። ብሎወራችሁ በእጅ አልዞር ካለ ወይም ሲዞር ብረት ለብረት ሲፋቅ ከተሰማ ማጓጓዣ አታባክኑ፤ መጀመሪያ በመግቢያው በኩል በባትሪ እዩት። ግድግዳው ላይ ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካለ አዲሱን ግዙ። ለማሳደስ የምትልኩ ከሆነ ደግሞ ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ ላይ ላኩ። ያን ጊዜ የእኛም ስልክ ቀዝቀዝ ይላል፣ የእነሱም ወረፋ አጭር ነው። ከማርች በኋላ ሁሉም ማሽኑን አስነስቶ ችግሩን ስለሚያውቅ ወረፋው ይረዝማል።